ግድግዳ፣ ቀለምና ዜማ ከአንድ ቤት ሲወለዱ

ውድ እናቶች፣ ማታ ከሥራ ደክማችሁ ስትገቡ ለበዓል በኖራ ያስነጣችሁት ግድግዳ በከሰል ተዥጎርጉሮ ብታገኙት ምን ትላላችሁ? ልጁ ቤት ሥሏል። የቤቱ ጣሪያ ሾጣጣ ነው፤ በሩ ላይ ሰው ቆሟል፤ ከጓሮው ዛፍ በቅሏል። ይህም አልበቃ ብሎት ባዶውን የዘይት ጣሳ ገልብጦ እንደ ከበሮ እየመታ ያዜማል።

በዚህ ጊዜ ከአብዛኞቻችን አፍ የሚወጣው ቃል የታወቀ ነው። «አንተ አጥፊ!» እንላለን። ቀጥሎም «ጥናትህን ትተህ አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚለው ይከተላል። በእርግጥ በዚህ ማንም እናትን አይወቅስም። ኖራ በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ በኪራይ ቤት የምትኖር እናት ደግሞ አከራይዋን ትፈራለች፤ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ቆማ የዋለች ሠራተኛም ድካሟ ወደ ንዴት ቢለወጥ አያስደንቅም። ሆኖም ያ ልጅ በአንድ ምሽት ሦስት ነገር ሠርቷል። ቤት ነድፏል፣ ሥዕል ሥሏል፣ ዜማ አውጥቷል። እኛ ግን ሦስቱን ለያይተን የቤት ንድፉን «ትምህርት»፣ ሥዕሉን «ጨዋታ»፣ ዜማውን «ነውር» እንላቸዋለን።

በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ሦስቱን ለያይቶ ማየት ምን ያህል እንደሚጎዳን ነው። ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ በቀጥታ ወደ ባሕር ማዶ አንሄድም። መጀመሪያ ወደ ጎጃም ደጋ፣ ወደ አምበር እንሂድ።

የአምበር ቤት ባለሙያ ማን ናት?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያቀና መንገደኛ በመንገዱ ላይ አምበርን ያገኛል። አምበር በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጤፍ የሚታፈስበት ደጋ ነው። ከዚያ አካባቢ መጥታችሁ በከተማ የምትኖሩ እናቶች የምንለውን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ጎጆ ሲቀለስ በመጀመሪያ በቦታው መካከል ችካል ይተከላል። በችካሉ ላይ ገመድ ይታሰርና ገመዱ ተወጥሮ ዙሪያው ይሠመራል። ይህ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ የሚሠራ የሕንፃ ንድፍ ነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይቆማል፤ በማገር ይታሰራል፤ ምሰሶው ይተከላል፤ ወራጁ ይደረደራል፤ ሣሩ ይከደናል። ይህ ሥራ በአመዛኙ የወንዶች ነው። ሲወራም የሚወራው ይኸው ነው። «እገሌ ቤት ሠራ» ይባላል።

ነገር ግን ሥራው በዚህ ቢያበቃ ቤቱ ነፋስ የሚያልፍበት የእንጨት አጥር ሆኖ ይቀር ነበር። እንጨቱን ቤት የሚያደርገው ጭቃው ነው፤ በጭቃው ሥራ ደግሞ የሴቶች እጅ አለበት። አፈሩ ይመረጣል፤ የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል፤ ውኃ እየጠጣ፣ እየተረገጠ ለቀናት ይሰነብታል። የጤፍ ጭድ ቀጭን ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር አያይዞ ይይዘዋል፤ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅም ይረዳዋል። ግድግዳው ከተመረገ በኋላ በእበት ይለቀለቃል፤ ወለሉም እንዲሁ። ከዚያ ደግሞ የውስጡ ሥራ ይቀጥላል። መደቡን፣ ምድጃውንና ጎታውን ቅርጽ አስይዛ የምትሠራው ሴቷ ናት። ጎታ ማለት እኮ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ቤት ነው። ክብደት መቻል አለበት፤ እህሉን ከእርጥበትና ከአይጥ መጠበቅ አለበት፤ ደግሞም ማማር አለበት። ይህን ሁሉ የምትሠራው ሴት ሜትር በእጇ አልያዘችም። ውፍረቱን በዓይኗ፣ ልስላሴውን በመዳፏ ትለካለች።

አሁን ደግሞ ይህችው ሴት ሥራዋን ጨርሳ ስትቀመጥ ተመልከቷት። ስንደዶና አክርማ አቅርባ፣ አለላውን በየቀለሙ ለይታ ሰፌድ ትሰፋለች። ስፌቱ እንደ ጎጆው ሁሉ ከመካከል ይጀምርና እየዞረ ይሰፋል። ቀዩ አለላ በስንተኛው ዙር ገብቶ በስንተኛው እንደሚወጣ ካልቆጠረች ሐረጉ አይገጥምም። እንግዲህ የሰፌድ ሐረግ ሒሳብም ነው፤ ሥዕልም ነው። ወፍጮ ስትፈጭ ድንጋዩ ወደፊትና ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር በዚያው ምት ታንጎራጉራለች። ሕፃኑን አዝላ እሹሩሩ ስትል በእግሯ ምት ትጠብቃለች። እንግዲህ ቤት የሠራችው፣ ያስጌጠችውና ያዜመችው አንዲት ሴት ናት። ለዚህ ሙያዋ ግን የወጣለት ስም የለም፤ «የቤት ሥራ» ተብሎ ብቻ ይታለፋል።

ለዜማ የተሠራ ቤት

ከጎጆው ወጥተን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንለፍ። በጎጃም በብዛት የምናውቀው የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ክብ ነው። በውስጡ ሦስት ክፍል አለው። የውጭው ዙሪያ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ያለው ቅድስት፣ የመጨረሻው መቅደስ ይባላል። የመጀመሪያውን ክፍል ስም ልብ በሉ። የሕንፃው አንዱ ክፍል የተሰየመው በሚሰማበት ቅኔና ዜማ ነው። ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚያሸበሽቡት፣ ከበሮው የሚመታው በዚህ ክፍል ነው። ወረቡ የሚሄድበትና የሚመለስበት ቦታ ከሌለ ሥርዓቱ ሊፈጸም አይችልም። ስለዚህ ቤቱን የሠራው ሰው የግድግዳውን ርቀት ሲወስን የዜማውን እርምጃም አብሮ መወሰኑ ነው።

ይህ ዜማ በ6ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ የወረድነው ሀብት ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች ዛሬም ይዘመራሉ። ቅኔ ለመማር ደግሞ ተማሪው ከየአገሩ ስልቻውን ተሸክሞ የሚመጣው ወደ ጎጃም ነበር። ዲማ ጊዮርጊስና ዋሸራ በቅኔ ትምህርት ቤትነታቸው ስማቸው የገነነ ነው።

የቤቱ ቁስም በድምፁ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ ድምፅን በከፊል ይመጣሉ፤ ስለዚህ ድምፁ ሳይንጫጫ ለስለስ ብሎ ይሰማል። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ግን ድምፁን መልሰው ይወረውሩታል። የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያላችሁ እናቶች ክረምት ላይ ዝናብ ሲወርድ ከልጃችሁ ጋር መነጋገር አቅቷችሁ አያውቅምን? ያን ጊዜ ቤት ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለጆሮም እንደሚሠራ በራሳችሁ ላይ አይታችሁታል።

ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ደግሞ የመቅደሱን ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ሥዕል ሸፍኖት እናገኘዋለን። በጎጃምና በጎንደር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ የሚሠራው በጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ ከጭቃው ግድግዳ ጋር ይለጠፋል። ማንበብ የማይችለው ምእመን ታሪኩን ከግድግዳው ላይ ያነባል። በዜጌ የሚገኘው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕል ለዚህ የታወቀ ምስክር ነው።

ይህን ሁሉ ይሠራ የነበረው ሰው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ያው የቤተ ክርስቲያኑ ተማሪ ነበር። ዜማ የሚያዜመው ደብተራ ብራና ይፍቃል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ ሐረግ ይስላል። ለምሳሌ ከአምበር ብዙም በማይርቀው በቢቸና የተወለዱትን ቄስ አዳሙ ተስፋውን እናስታውስ። ቄስ አዳሙ ክህነትንና ሥዕልን አጣምረው የያዙ ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚያለብሰውን ሥዕል እየሠሩ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ሥራቸው ባሕር ተሻግሮ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የፋውለር ሙዚየም ቀረበ፤ ሙዚየሙም እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው መጽሐፍ አሳተመ። አንድ የቢቸና ልጅ ቅዳሴውንና ቀለሙን ሳይነጣጥል በመያዙ ምን ያህል ርቆ እንደ ሄደ ተመልከቱ።

እናቶች ያሠሩት፣ እናቶች የዘረፉት

«ይህ ሁሉ የወንዶች ታሪክ ነው» የምትል አንባቢ ብትኖር ተሳስታለች አንልም። በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ የሚያሸበሽቡት ወንዶች ናቸው፤ የሴቶች ድርሻ እልልታ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ያለ ሴቶች የቆመ አይደለም።

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘውን መርጡለ ማርያምን ያሠሯት ንግሥት እሌኒ ናቸው። ንግሥቲቱ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ያሠሩት ሕንፃ ቢፈርስም የተጠረበው ድንጋይ ሐረግ ዛሬም ሙያውን ይመሰክራል። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ያለችውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እቴጌይቱ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው አገር ያስተዳደሩ እናት ነበሩ። በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ያሠሩት ቤት፣ ያሣሉት ሥዕልና የሚዜምበት ማኅሌት እስከ ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር አሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ታሪክ ነው። እማሆይ ገላነሽ በጎጃም የተወለዱ ዓይነ ስውር ሴት ነበሩ። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ልጄ ሴት ናት፣ ደግሞም አታይም ብለው አልተዋቸውም፤ አስተማሯቸው። ልጅቱ አድገው ራሳቸው የቅኔ መምህር ሆኑ፤ ወንዶች ተማሪዎች ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ቅኔ ቆጠሩ። እስቲ አስቡት፤ ያ አባት «ለሴት ልጅ ቅኔ ምን ያደርግላታል?» ቢሉ ኖሮ ጎጃም አንዲት ታላቅ መምህርት ታጣ ነበር። የአንድ ወላጅ ፈቃድ ይህን ያህል ኃይል አለው።

ከሰል ያዜመበት አዳራሽ

አሁን ወደ ውጭው ዓለም እንሻገር። በዘመናችን ሕንፃና ሙዚቃን በአንድ ወረቀት ላይ በመንደፍ ስሙ የታወቀው ሰው ያኒስ ዜናኪስ ነው። ወላጆቹ ግሪኮች ሲሆኑ እሱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1922 በሩማንያ ነው። የሙዚቃን ፍቅር ያሳደረችበት እናቱ ነበረች፤ ዋሽንት ገዝታ ሰጠችው። ግን አብራው አልቆየችም። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ሞተች።

ዜናኪስ በአቴንስ ምሕንድስና ተማረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገሩን ከያዘው ጠላት ጋር ከተዋጉት አርበኞች አንዱ ሆነ። በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ በአቴንስ ጎዳና በተደረገ ውጊያ የታንክ ጥይት ፊቱን አቁስሎ ግራ ዓይኑን አጠፋው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ ፓሪስ ሸሸ፤ በአገሩም በሌለበት ሞት ተፈረደበት። በፓሪስ ለ ኮርቡዚየ በሚባለው ዝነኛ አርክቴክት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ 12 ዓመት ያህል ሠራ። ቀን ቀን የሕንፃ ሒሳብ ይሠራል፤ ማታ ማታ ሙዚቃ ይደርሳል። ከሥራ በኋላ የሚቀረው ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ሠራተኞች እናቶች ታውቁታላችሁ።

ዕድሜው ሠላሳ ሊሞላ ሲል የሙዚቃ መምህር ፍለጋ ወጣ። ኦሊቪየ ሜሲያን የተባለው የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ሕፃን የሙዚቃ ሕግ ተማር አላለውም። ሒሳብም ሕንፃም ታውቃለህና በያዝከው ዕውቀት ሙዚቃ ሥራበት ብሎ መከረው። ዜናኪስ ምክሩን ተቀበለ።

አሠራሩን በእኛ አገር ምሳሌ እንግለጸው። መሰንቆ የሚመታ ሰው ጣቱን በጭራው ላይ ከታች ወደ ላይ ሲያንሸራትት ድምፁ ሳይቋረጥ ከቀጭን ወደ ወፍራም ይወርዳል። ይህን በወረቀት ላይ ብንሥለው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ይሆናል። ዜናኪስ ብዙ ቫዮሊኖች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍጥነት፣ እንዲህ እንዲንሸራተቱ አደረገ። መሥመሮቹ በወረቀቱ ላይ ሲሰባሰቡ ጎበጥ ያለ ቅርጽ አወጡ። «ሜታስታሲስ» የሚባለው ይህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1955 ለሕዝብ ተሰማ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፊሊፕስ የተባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 በብራስልስ ለተከፈተው የዓለም ኤግዚቢሽን አዳራሽ እንዲሠራለት ለ ኮርቡዚየን ጠየቀ። ንድፉን ያወጣው ዜናኪስ ነበር። በሙዚቃው ወረቀት ላይ የነበሩትን ቀጥ ያሉ መሥመሮች በሕንፃው ላይ ደገማቸው፤ አዳራሹም ሦስት ጫፍ ያለው ትልቅ ድንኳን መሰለ። ግድግዳና ጣሪያ ተለይተው የማይታወቁበት፣ ከቀጥታ መሥመሮች የተወለደ ጎባጣ ሕንፃ ሆነ። ለአምበር ሰው ግን ይህ እንግዳ ምሥጢር አይደለም። የጎጆ ወራጅ እያንዳንዱ ቀጥ ያለ እንጨት ነው፤ ሁሉም ተሰባስበው ጉልላቱ ላይ ሲገናኙ ግን ክብ ጣሪያ ይወጣቸዋል። ሒሳቡ የአንድ ቤተሰብ ነው።

በአዳራሹ ውስጥ ከ300 በላይ ድምፅ ማጉያዎች በግድግዳው ተተክለው ነበር። የኤድጋር ቫሬዝ ድርሰት 8 ደቂቃ ያህል ሲሰማ ድምፁ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ይጓዝ ነበር፤ በግድግዳው ላይም ሥዕልና ብርሃን ይታይ ነበር። ሕዝቡ ሲገባና ሲወጣ ደግሞ ዜናኪስ ራሱ ያዘጋጀው አጭር ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ያ ሙዚቃ ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? ከሚነድ ከሰል ድምፅ ነው! ጀበናው ከመጣዱ በፊት ከሰሉ ሲንጣጣ የምትሰሙትን ያንኑ ድምፅ ቀርጾ፣ ቆራርጦና ደራርቦ ሙዚቃ አደረገው። እኛ እሳቱ ተያያዘልን ብለን የምናልፈውን ድምፅ እሱ በሙዚቃ ጆሮ ሰማው።

አዳራሹ ኤግዚቢሽኑ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 ፈረሰ። ዜናኪስ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2001 ድረስ፣ ሙዚቃ ሲደርስ ኖረ። ሚስቱ ፍራንስዋዝ ደራሲ ነበረች፤ ልጃቸው ማኪ ሠዓሊና ቀራፂ ሆናለች። እናት የሰጠችው አንድ ዋሽንት ከትውልድ ወደ ትውልድ ፍሬ አፈራ ማለት ይቻላል።

በእኛም አገር አሉ

እንዲህ ያለው ሰው በአገራችን የለም እንዳይባል ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን እናንሣ። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር የታሰበው። መምህራኖቻቸው ግን የሥዕል ተሰጥዎአቸውን አዩ፤ በዚያው መንገድ እንዲቀጥሉም አበረታቷቸው። በለንደን ሥዕልን፣ ቅርፃ ቅርፅንና የሕንፃ ጥበብን አብረው አጠኑ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የመስተዋት ሥዕል የእሳቸው ሥራ ነው። ይህ ሥዕል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ራሱ ግድግዳ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ሲያልፍበት አዳራሹን ቀለም ያለብሰዋል። «ቪላ አልፋ» የተባለውን መኖሪያና የሥራ ቤታቸውንም የአገራችንን የጥንት ሕንፃ መሠረት አድርገው የነደፉት ራሳቸው ናቸው። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ሲያርፉም ስማቸው ከአገር አልፎ የታወቀ ነበር።

ሙላቱ አስታጥቄም ቢሆኑ ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ሙዚቃ አሸነፈቻቸው፤ ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ስልት ለዓለም አበረከቱ። የሁለቱም ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። ተሰጥዎአቸው ሲታይ ያበረታታቸው ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናነሣው ስም ላይኖር ይችል ነበር።

የቅርቡንም እንጨምር። በአዲስ አበባ በመካኒሳ አካባቢ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የዞማ ሙዚየም ግድግዳ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ነው። የሠሩት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ናቸው። የባህላዊ ቤት አሠራርን ከየአገሩ አጥንተው ጭቃውን እንደ ስፌት አስጊጠው ግድግዳ አደረጉት። አያቶቻችን በመዳፋቸው ሲለቀልቁ የኖሩት ጭቃ ከውጭ አገር ጭምር ሰው የሚጎበኘው ሙዚየም ሆነ። የአምበሯ እናት ሙያ ስም ያላገኘው ዋጋ ስለሌለው እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

በዘመናዊው ትምህርት ሦስቱ ሙያዎች በሦስት ቤት ተከፍለዋል። የሕንፃ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተጀመረ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. መሠረቱ። የሙዚቃውም ትምህርት ቤት በቅዱስ ያሬድ ስም ተሰየመ። ሦስቱም በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለዋል። ለሙያ ጥልቀት መከፋፈሉ ይጠቅም ይሆናል። በልጅነት ግን መከፋፈል አያስፈልግም። ልጁ በሩን መርጦ ከመግባቱ በፊት ሦስቱንም በቤቱ ሊቀምሳቸው ይገባል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«ልጄን ፒያኖ የማስተምርበት ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የምትል እናት ትኖራለች። እኛም ፒያኖ አላልንም። የዜናኪስ እናት የሰጠችው ዋሽንት ነው፤ የአምበሯ እናት ያላት ጭቃና አለላ ነው። ያለ ብዙ ወጪ ሊደረግ ከሚችለው ጥቂቱን እንጠቁም።

አንደኛ፣ ለልጁ የሚሥልበት ቦታ ስጡት። የካርቶን ሣጥን ዘርግታችሁ ከግድግዳው ላይ በሚስማር ብትሰቅሉት ኖራችሁም ይተርፋል፤ ልጁም አይቆጣም። ከሰሉ ከምድጃ ይገኛል። «እዚህ ሣል» ማለት «አትሣል» ከማለት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሲለካ ይማር። ቁራጭ ገመድና አንድ ችካል ሰጥታችሁ በግቢው አፈር ላይ ክብ ያሥምር። ገመዱን ቢያሳጥረው ክቡ ምን ይሆናል? ቢያስረዝመውስ? ይህ ጥያቄ ትምህርት ቤት ሲገባ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጠብቀዋል። ሥዕልና ዜማ ከትምህርት ያዘናጋሉ የሚለው ፍርሃት ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ከላይ ያየነው ሙዚቃ የተሠራው በሒሳብ ነው። ይህ ማለት ግን የትምህርት ቤት ሥራው ይቅር ማለት አይደለም። የቤት ሥራውን ሳይጨርስ ጣሳ አይመታም ብትሉ ትክክል ናችሁ።

ሦስተኛ፣ ስፌት የምታውቅ አያት ወይም ጎረቤት ካለች ልጆቹን፣ ሴትም ወንድም ሳትለዩ፣ ከጎኗ አስቀምጧቸው። የሰፌድ ዙር መቁጠር ለወንድ ልጅም ሒሳብ ነው። በአንጻሩም ሴት ልጃችሁ ሚስማር መምታት፣ እንጨት መለካት ብትፈልግ «የወንድ ሥራ ነው» አትበሏት። አገራችን ሴት አርክቴክቶችን የምታገኘው ከነዚሁ ልጆች መካከል ነው።

አራተኛ፣ «አዝማሪ»፣ «ሸክላ ሠሪ»፣ «ቀጥቃጭ» የሚሉትን ቃላት ስድብ አታድርጓቸው። ማረሻውን የሚያበጀው፣ ምጣዱን የምታቀርበው፣ ታሪካችንን በመሰንቆው የሚያቆየው የሚሰደቡት እነዚሁ ባለሙያዎች ናቸው። ልጅ ባለሙያን መናቅ ከቤቱ ከተማረ የራሱንም እጅ ይንቃል።

በመጨረሻም ለአባቶች አንድ ቃል አለን። የልጅን ተሰጥዎ ማየት የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። የእማሆይ ገላነሽን ቅኔ ያወጡት አባታቸው እንደነበሩ አትርሱ። ማታ ቤት ስትገቡ ልጁ የሣለውን ቤት «ይህ ምንድን ነው? መስኮቱስ የታለ? ዝናብ ቢመጣ ውኃው በየት ይወርዳል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሊመልስ ሲሞክር ማሰብ ይጀምራል።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። በልብ ያለውን የሚያየው ሰው ሲያገኝ ግን ወደ እጅ ይወርዳል። እንግዲህ ውድ እናቶች፣ ዛሬ ማታ ግድግዳው ላይ ያለውን ከሰል በውኃ ከማጠባችሁ በፊት አንድ ጊዜ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱት። ምናልባት የቤቱ ጣሪያ በትክክል ተሥሎ ታገኙት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን ለልጁ ስጡትና አብራችሁ እጠቡት፤ እያጠበ ቢያዜምም ተዉት።